የጋሽ ጌጡ ዳቦ

በእኛ ሰፈር በማለዳ ትኩስ ዳቦ ይዞ የሚመጣ ሰው አይወደድም። ጋሽ ጌጡ ገና ሳይነጋጋ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው በርህን ካንኳኩ ከዘመዶችህ አንዱ ሞቷል ማለት ነው። ዳቦው የመርዶው መንደርደሪያ ነው። «ሰው በባዶ ሆዱ መርዶ አይሰማም፤ ከሰማ በኋላማ ማን ይበላል?» ይላሉ። መጀመሪያ ሻይ ይፈላል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ስለ ዝናቡና ስለ ታክሲ ሰልፉ ይወራል፣ ከዚያ ነው ነገሩ የሚወጣው። ታዲያ ሰፈሩ ሁሉ ዘዴያቸውን ካወቀ በኋላ ያን ዳቦ ማን ይውጠዋል? ሰው ገና ጋዜጣውን ሲያይ ነው ኡኡ የሚለው። እሳቸው ግን ልማዳቸውን አልተዉም።

ሥራቸው ጎሚስታ ነው። ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሂሻም ሱቅ ጎን፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ጎማ ይለጥፋሉ። በግና ፍየል አራግፈው የሚመለሱ አይሱዙዎች ደንበኞቻቸው ናቸው። መርዶ ነጋሪ የሆኑበትን ምክንያት ራሳቸው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በወጣትነታቸው ጎማ ፈትተው ከመኪና ሥር ተኝተው ሳለ አንድ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ጌጡ! አባትህ ሞተ አሉ!» ብሎባቸው አለፈ። ሚኒባሱ እንኳ አልቆመም። ባለመኪናው ቸኩሎ ስለነበር ጎማውን ገጥመው ሳይጨርሱ ማልቀስ አልቻሉም። «እንደ ውሻ ነው የተነገረኝ» ይላሉ እስከ ዛሬ። በኋላ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ሲሆኑ፣ እድሩም ሲመርጣቸው፣ የሰፈሩ መርዶ ሁሉ የእሳቸው ሆነ። ጴንጤው፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ሁሉም ይጠራቸዋል።

አንድ ደንብ አላቸው። መርዶ ከአንድ አፍ አይወጣም። ወሬውን ሁለት ሰው ሊያመጣው ይገባል፤ ያውም ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያልሰማ መሆን አለበት። በዚህ ደንብ አንድም ቀን ስተው አያውቁም ነበር፣ ይህንንም ሳያስታውሱን አይውሉም። በሌላው ነገር ትሑት ሰው ናቸው። በመርዶ ጉዳይ ግን ትሕትና አልፈጠረባቸውም።

አጸደ ጎረቤቴ ናት፤ የሥራ ባልደረባዬም ናት። ለሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች የነጠላና የጋቢ ጫፍ እንቋጫለን። እሷ ስትቋጭ ጣቷ አይታይም። ባሏ ከሞተ በኋላ ጢሞቴዎስን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ልጁ ተመርቆ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት ከቆየ በኋላ አንድ ደላላ «የፋብሪካ ሥራ» ብሎ ሩቅና ብርዳማ ወደሆነ አገር ላከው። አገሩን አልጠራም። የሚዋጉት ሁለት ናቸው፤ ለእኛ ሁለቱም ሩቅ ናቸው። ጢሞቴዎስ ገና ብዙም ሳይቆይ የወታደር ልብስ ለብሶ ፎቶ ላከ። አጸደ ፎቶውን ሳመችና «ልብሱ ይሞቃል መሰለኝ» አለች። ምን ትበል? ከዚያ ለፋሲካ ደወለና ለጊዜው ላይደውል እንደሚችል ነገራት። ስልኩም ጠፋ። ከጦሩ ሊያመልጥ ተዘጋጅቶ እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው።

የዚያ አገር ሰዎች እዚህ የከፈቱት አንድ ቤት አለ፤ የወዳጅነት ቤት ይባላል። ቋንቋ በነጻ ያስተምራል፣ ካላንደርና እስክሪብቶ ያድላል። ዋናው ግን በአማርኛ የሚያስተላልፈው ቴሌቪዥን ነው። ኳስ በነጻ ስለሚያሳይ ሰፈሩ በሙሉ ዲሹን ወደ እሱ አዙሯል፤ በእረፍት ሰዓት የጦርነቱን ዜና እንደ ኮሶ ያስውጡናል። እነሱ ሁልጊዜ ያሸንፋሉ፣ ጠላታቸው ሁልጊዜ ሕፃን ይገድላል። እኛም ሻይ እየጠጣን «ወይ ግፍ!» እንላለን፣ ከዚያ ኳሱ ይቀጥላል። ዜናውን የሚያነበው የእኛው ልጅ ቤዛብሕ ነው። በጋሽ ጌጡ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ እየመታ ያደገ፣ ድምፁ እንደ ማር የሆነ ልጅ። ቤቱ ሌላም ሥራ ነበረው። ማን ሄደ፣ ማን ከጦሩ ከዳ፣ የከዳው ልጅ የሚወደው ማንን ነው፣ ይህን ሁሉ የሚለቅሙት ከእኛው ሰፈር ነበር። ያኔ ይህን ብትነግረኝ እስቅብህ ነበር።

አንድ ቀን ቤዛብሕ ጎሚስታው ቤት መጥቶ አንገቱን ደፋ። ሂሻም ከሱቁ ሆኖ ሰምቷቸዋል።

«ጋሽ ጌጡ፣ የእትዬ አጸደ ልጅ አርፏል። በሥራ በኩል ነው የደረሰኝ። እኔ ልነግራት አልችልም። እንደ እርስዎ የሚችልበት ሰው የለም።»

ጋሽ ጌጡ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «አንድ አፍ ነህ» አሉት። «ሁለተኛ እፈልጋለሁ።»

ሁለተኛው በማግስቱ መጣ። ቴሌቪዥኑ የጢሞቴዎስን ፎቶ አውጥቶ ለነጻነት ስለተሰዋ ኢትዮጵያዊ ወጣት አወራ። አንባቢው ሌላ ሰው ነበር፣ አንዲት የምታምር ልጅ። አጸደ ዲሽ ስላልነበራት አላየችም፤ ያየነው ሁሉ ደግሞ መርዶ ያለ ጋሽ ጌጡ አይነገርምና አፋችንን ዘጋን። ጋሽ ጌጡ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ሁለት ሆነ» አሉ።

ሂሻም ግን ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ወጣ። ወሎዬ ነው፤ ሲናደድም ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሁለት አፍ አይደለም። ልጁም ቴሌቪዥኑም የአንድ ቤት ናቸው። ከአንድ ቧንቧ በሁለት ጆግ ቢቀዱ ያው አንድ ውኃ ነው።»

«አንተ ደግሞ ነጋዴ ነህ፣ ሁሉን ትጠራጠራለህ። ሰው ሳይሞት ሞተ ብሎ በቴሌቪዥን የሚያወራ አገር አለ?»

«ልጁ ቢደውልስ? ትንሽ እንቆይ።»

«ሰፈሩ አውቆ እናት ሳታውቅ? ነውር ነው!»

እንግዲህ ልጁ አልሞተም ነበር። ይህን አሁኑኑ እወቁት፤ እኔ እንደ ጋሽ ጌጡ ዳቦ አስቀድሜ ማዘናጋት አልችልበትም። ጢሞቴዎስ ከጦሩ ከድቶ በአንዲት ከተማ ተደብቋል። የሚፈልጉት ሰዎች ደግሞ የት እንዳለ ስላጡት የእናቱን ለቅሶ ወጥመድ አደረጉት። ሐበሻ እናቱ በቁሙ ስታለቅስለት እያየ ዝም እንደማይል የነገራቸው ሰው አለ።

ማለዳ ጋሽ ጌጡ ዳቦ ይዘው ገቡ። አጸደ አልጮኸችም። ዳቦውን አየችና በሩ ላይ ተቀመጠች። «ይዘውት ይመለሱ» አለች። «እባክዎ ጋሽ ጌጡ፣ ዛሬ የኔን ቤት ይለፉኝ።» እሳቸውም አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጠው ነገሯት። በእውነቱ ከሆነ ጥሩ አድርገው ነው የነገሯት። እጇን ይዘው፣ ሳይቸኩሉ፣ ስሙን ሦስት አራት ጊዜ እየጠሩ። ለሐሰት መርዶ እንዲህ ያለ ደግነት መባከኑ ያንገበግበኛል።

እድሩ ድንኳን ተከለ። ሬሳ ስለሌለ ፎቶው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ያው የወታደሩ ፎቶ። አጸደ እንደ ጋሽ ጌጡ ጴንጤ ናትና ደረት አልመታችም። ከመዘምራኑ ጋር እየዘመረች፣ እንባዋ አገጯ ላይ ሳይደርስ በነጠላዋ እየጠረገች ዋለች። ቤዛብሕ ኪቦርዱን መታላት። እሱም አለቀሰ። ከዚያ «ለማስታወሻ» ብሎ በስልኩ ቀረጻት። በማግስቱ እናት ልጇን በዝማሬ ሸኘች ተብሎ ቪዲዮው ቴሌቪዥኑም ላይ ቴሌግራሙም ላይ ወጣ። ሰው እየተቀባበለ እያለቀሰ ላከው። እኔም ልኬዋለሁ።

ድንኳኑ ተነሥቶ እኔና እሷ ብቻችንን ተቀምጠን ሳለ ስልኳ ጠራ። ቁጥሩ ረጅም ነው። አነሣችው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ መሬት ላይ ተንበረከከች።

«እማዬ፣ አለሁ። እባክሽ አታልቅሺ፣ አለሁ።»

እናት ናትና የጠየቀችው የእናት ጥያቄ ነው። ምን ትበላለህ? የት ትተኛለህ? ይበርድሃል? እሱም እንድትረጋጋ ብሎ ነገራት። አንዲት አሮጊት በዳቦ ቤቷ ምድር ቤት ደብቃዋለች። ዳቦ ሞልቷል፣ ምድጃው ከላይ ስለሆነ ይሞቃል። የከተማዋን ስም፣ ከአሮጌው ድልድይ ማዶ መሆኑንም ነገራት። ከዚያ «ለማንም እንዳትነግሪ፣ ከሰሙ ይመጡብኛል» ብሎ ዘጋ። እሷ እየሳቀች፣ ልብሴን ይዛ «ዳቦ ቤት! ዳቦ ቤት ነው ያለው!» ትለኛለች። አፏን በእጄ ያዝኩት።

ዝም ብትል ኖሮ ልጇ ይተርፍ ነበር። ሕይወቱ የተንጠለጠለው በዚህ ነበር፤ በአንዲት ሴት አፍ። ግን ለቀስተኛው ገና እየመጣ ነው። ጥቁር ለብሳ «ጌታ ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን» ማለት እንደ ውሸት ሆነባት፣ ውሸት ደግሞ ኃጢአት ነው። ጨነቃትና ወደ ሽማግሌዋ ወደ ጋሽ ጌጡ ሄደች። አብሬያት ሄድኩ።

ጋሽ ጌጡ ሲሰሙ መጀመሪያ «ተመስገን!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። የሐሰት መርዶ ነግረዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ሳይስቱ፣ በመጨረሻ በቁሙ ያለ ሰው ገድለው ድንኳን አስተክለዋል። ጎማውን አስቀመጡትና እጃቸውን ማየት ጀመሩ።

«እሑድ ምስክርነት ትሰጫለሽ» አሏት።

«ለማንም አትንገሪ ብሎኛል እኮ ጋሽ ጌጡ።»

«ሕዝቡን ለሐዘን ጠርተን በዝምታ ልንበትነው ነው? ጌታ ያደረገልሽን ልትደብቂ ነው? ሌላው ቢቀር እኔ... ማለቴ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ይመጡብኛል ነው ያለኝ።»

«እነማን? ጉለሌ ነው ያለነው አጸደ! እዚህ ጦርነት የለም፤ አገራችን ከማንም ጋር አይደለችም። የሚሰማሽ የራስሽ ሕዝብ ነው፣ ስታለቅሺ አብሮሽ ያለቀሰው።»

እኔ «ይቅርባት» አልኩ። ጋሽ ጌጡ «አንቺ እምነት የለሽም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያን ያህል የለኝም። አጸደ ግን አላት። በቤተ ክርስቲያናቸው ተአምር አይቶ ዝም ያለ ሰው የጌታን ክብር እንደሰረቀ ይቆጠራል፤ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች። እሺ አለች።

እሑድ ጠዋት ነጭ ለብሳ ወጣች። መጀመሪያ ጋሽ ጌጡ ማይኩን ይዘው «ጌታ አሳፈረኝ፣ በማፈሬም ደስ አለኝ!» አሉ፣ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሐፍረታቸው ታጠበላቸው። ከዚያ እሷ ልጄ በሕይወት አለ አለች። ከዚህ በኋላ የነበረውን እልልታና ልቅሶ መናገር አያስፈልግም። በዚህ ብታቆም እንኳ ምናልባት ደህና ነበር። ግን ምስክርነት በደፈናው አይሰጥም፤ ዝርዝሩ ነው ሰውን የሚያጽናናው። ጋሽ ጌጡ ከጎኗ ቆመው «ንገሪያቸው እህቴ፣ የጌታን ሥራ ዘርዝሪው!» ይሏታል። እሷም ዘረዘረችው። የከተማዋን ስም፣ ድልድዩን፣ አሮጊቷን፣ ዳቦ ቤቱን። «እግዚአብሔር ለልጄ በባዕድ አገር መበለቲቱን አዘጋጀለት» ስትል ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ ቆመ።

ቤዛብሕ ኪቦርዱ ላይ ነበር። ስልኩን የመዝሙር ደብተር ማስደገፊያው ላይ አቁሞ ይቀርጻል። ማንም ልብ አላለውም፣ ሁሌም ይቀርጻል። ሲያበቃ መጥቶ አቀፋት። «እንኳን ደስ አለዎት እትዬ አጸደ» አላት። እሷም ራሱን ይዛ «ተባረክ ልጄ፣ አንተንም እናትህ አትጣህ» አለችው። ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም ብለው እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ። እኔ አልከራከርም። ያውቅ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ጢሞቴዎስ በቴሌቪዥን ታየ። ልብሱ አዲስ ነው፣ አንድ ዓይኑ አብጧል። በአማርኛ እንዲህ አለ፦ «በፈቃዴ ወደ ጓዶቼ ተመልሻለሁ። ደህና ነኝ እማዬ።» ስለ አሮጊቷ አንድም ቃል የተነፈሰ የለም። ቀደም ሲል ተሰዋ ያሉት ልጅ እንዴት እንደተመለሰም ማንም አልጠየቃቸውም። ወዲያው ኳሱ ቀጠለ።

ጋሽ ጌጡ ያን ቀን የቆርቆሮ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ወዳጅነት ቤት ሄዱ። በሩ ላይ ሲለምኑ ዋሉ። ማንም አላስገባቸውም፤ ማምሻውን ዘበኛው አዝኖላቸው አንድ ካላንደር ሰጣቸው። ቤዛብሕን ፈልገው እናቱ ቤት ቢሄዱ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ መብረሩን ነገሯቸው። አጸደ ደግሞ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተች። አንዱ ቢሮ ያገኘችው ሰው ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣትና በትሕትና አስረዳት። «እናቴ፣ አገራችን ገለልተኛ ናት። በሌላ አገር ጉዳይ አንገባም።» አመስግናው ወጣች።

ሂሻም ከመጋዘኑ አሮጌ ቴሌቪዥንና ዲሽ አውጥቶ ገጠመላት። ለደግነት ነው ያደረገው። ያ ቴሌቪዥን የጢሞቴዎስን ቪዲዮ አንዴ አሳይቶ አልተወም። ሰው ልጆቹን ወደዚያ እንዲልክ ሲፈልግ ያወጣዋል፣ በዓል ሲሆን ያወጣዋል፣ ከኳስ በፊት ያወጣዋል። አጸደ እየቋጨች ትጠብቀዋለች። ሲመጣ እጇን ከሥራው ታነሣለች፣ ሲያልፍ ትመልሳለች። እኔ መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፣ ተጽናናች ብዬ።

ክረምቱ ሲወጣ እውነተኛው ወሬ መጣ። ከጢሞቴዎስ ጋር ግንባር የነበረ አንድ የአዳማ ልጅ ተማርኮ ለቤተሰቡ ደወለ። ሌላ የሐዋሳ ልጅ ደግሞ እግሩን አጥቶ ከሆስፒታል ደወለ። ሁለቱ እርስ በርስ አይተዋወቁም። ሁለቱም ያሉት አንድ ነው፤ የከዱትን ከፊት አስቀድመው ነው የነዷቸው፣ ጢሞቴዎስ በተመለሰ በወሩ ሞቷል። ጋሽ ጌጡ ሁለቱንም ራሳቸው በስልክ ጠየቁ፣ ጢሞቴዎስ በልጅነቱ ወድቆ ያተረፈውን ጠባሳ ሳይቀር። በሕይወታቸው ከተናገሩት መርዶ ሁሉ እንደዚህኛው የተጣራ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ስለ ሞቱ ምንም አላለም።

ወደ እድሩ ሄደው ድንኳን ጠየቁ። ሰብሳቢው ደንቡን አገላበጡና «ጋሽ ጌጡ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ድንኳን አይተከልም» አሉ። «ያኔ ወስደዋል እኮ።»

አብሯቸው ሊሄድ የፈቀደ ሽማግሌ አልነበረም። «እርስዎ የጀመሩትን እርስዎ ይጨርሱት» አሏቸው። እኔን ለመኑኝ፣ ሄድኩላቸው። ለእሷ ብዬ ነው እንጂ ለእሳቸውስ አንድ እርምጃ አልራመድም ነበር። ማለዳ ዳቦውን በጋዜጣ ጠቅልለው በሩን አንኳኩ። 

አጸደ ከፈተች። ዳቦውን አየች። ከዚያ ሳቀች፤ እንደ ሕፃን ነው የሳቀችው።

«ደግሞ መጡ? አሁንስ ማን ላከዎት?»

«አጸደ፣ እህቴ...»

«ይግቡ ይግቡ፣ ብርድ ነው።» ዳቦውን ከእጃቸው ተቀብላ ለሁለት ገመሰችው። ግማሹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠች። «ይሄ ለጢሞ ነው፣ ትኩስ ዳቦ ለምዷል።» ከሌላው ግማሽ ቆርሳ ወደ ጋሽ ጌጡ አፍ ዘረጋች። «ይጉረሱ ጋሽ ጌጡ። ሰው በባዶ ሆዱ ወሬ አይሰማም ይሉ የለ?»

ጎረሱ። ምን ያድርጉ? ማላመጥ ግን አልቻሉም። ዳቦው ጉንጫቸው ውስጥ እንዳለ «ሁለት ሰው ነው የነገረኝ፣ የማይተዋወቁ... በእውነት አጸደ፣ በዚህኛው በእውነት...» እያሉ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። እሷ እየሰማቻቸው አልነበረም። ቴሌቪዥኑን ከፈተችና ድምፁን ከፍ አደረገች፣ ቦታም ለቀቀችላቸው። ከኳሱ በፊት ያው ቪዲዮ መጣ።

«ደህና ነኝ እማዬ» አለ ጢሞቴዎስ።

«ሰሙት?» አለቻቸው። «በራሱ አፍ ነው የሚናገረው። እንግዲህ እሱን ልመን ወይስ እርስዎን?»